ሕግ አውጪ ቴአትር እና ድምፅ የማይሰጥ ተዋናይ

ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። በእነዚህ ዓመታት የየሰፈሩ ቡድኖች ችግራቸውን በትዕይንት ያቀርቡ ነበር፤ ተመልካቹ ትዕይንቱን ያስቆምና ተበዳዩን ተክቶ ሌላ መውጫ ይሞክራል፤ ከዚህ የፈለቀውም ሐሳብ ረቂቅ ሕግ ሆኖ ምክር ቤት ይገባል። 13 ሕጎች በዚህ መንገድ ጸድቀዋል። ቦአል ወንበር ነበረው፤ ተዋናዮቹና ተመልካቾቹም የከተማዋ መራጮች ነበሩ። አሳታፊ ቴአትርን ለስደት ጉዳይ ስንጠቀም የሚጎድለው ይህ መሠረት ነው።

በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ የነበረውን የሆሎት ማቆያ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ተከፍቶ በ2018 ተዘጋ። የታሰሩት ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች ቀን መውጣት ቢችሉም መሥራት አይፈቀድላቸውም፤ ሌሊት እዚያው ማደር ግዴታቸው ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ይቆጠሩ ነበር። የቴአትር ባለሙያው ሄን አሎንና የፊልም ሠሪው አቪ ሞግራቢ ከእነሱ ጋር የቴአትር ቡድን አቋቋሙ፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ይታያል።

ትኩረቴን የሚስበው የሚና ልውውጡ ነው። ጥገኝነት ጠያቂው መርማሪ ባለሥልጣን ይሆናል፤ እስራኤላዊው ተጠያቂ። ስደተኛው ቁስሉን እየገለጠ እንባ እንዲያስፈስስ አልተጠየቀም፤ ያጠናውን የሥልጣን አነጋገር፣ አቀማመጥና ዝምታ ያሳያል። በዚህ መድረክ ላይ አዋቂው እሱ ነው። ሆኖም ልምምዱ ሲያልቅ አንዱ ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደ ማቆያው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የማቆያውን ሕግ የሻረውና በ2015 የ20 ወሩን የማቆያ ጊዜ ከልክ ያለፈ ነው ያለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ለቴአትሩ መስጠት ታሪክ ማጣመም ይሆናል።

ስለዚህ ተመልካቹ ተበዳዩን ይተካ የሚለው የቦአል ነባር ደንብ መፈተሽ አለበት ባይ ነኝ። ተበዳዩን ብቻ የምንተካ ከሆነ መፍትሔ የመፈለግን ሸክም ሕግ ለማውጣት ሥልጣን በሌለው ሰው ትከሻ ላይ መልሰን እንጭናለን።

በአገራችን ስለ ስደት የሚሠሩ ብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ድራማዎች መደምደሚያቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ደላላው ክፉ፣ ልጅቷ ተታላይ፣ ምክሩ «አትሂዱ»። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን በቅድመ ሁኔታነት አስቀምጦ ነበር። ከ5ኛ ክፍል ያቋረጠችና ቤተሰቧን ለመርዳት የቆረጠች ልጅ በዚህ አንቀጽ ፊት ወዴት ትሄድ ነበር? ተመልካቹ እሷን ሺህ ጊዜ ቢተካ አንቀጹ አይነቃነቅም ነበር። መተካት ያለበት ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ነው፤ ያን ወንበር ይዘው እንዲጫወቱም ከሪያድና ከቤሩት የተመለሱ ሴቶች መጋበዝ አለባቸው። የስምሪት ሕግ ረቂቅ የሚያዘጋጁት ባለሙያዎችና የምክር ቤት አባላት ደግሞ ከፊት ረድፍ ለክብር ከመቀመጥ ይልቅ የልጅቷን ሚና ይዘው ይጫወቱ፤ ይህም ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ይሁን።