ጠፋህ እኮ! ከ«ኦሮማይ» እስከ «አፋልጉኝ»

ባለፈው ክረምት ሆመቾ ሄጄ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አቆመኝ። ከላይ በትልልቁ «አፋልጉኝ» ይላል። ከሥሩ የአንድ ልጅ ጉርድ ፎቶ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ወደ ገበያ ብሎ ሲወጣ የለበሰው ሹራብ ቀለም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር። ዝናብ ነክቶት ፊቱ ሊለቅ ምንም አልቀረውም። ቆሜ ሳነበው አንድ አብሮ አደጌ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «አንተ፣ ጠፋህ እኮ!» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ እሱም ወረቀቱን አየና ዝም አለ።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ግስ ነው ያለው። መብራት ይጠፋል፣ ቁልፍ ይጠፋል። ሳይደውል የከረመ ጓደኛ «ጠፋህ» ይባላል፣ ሲለያዩ ደግሞ «አትጥፋ»። ለቤተሰቡ ሳይነግር የተሰደደ «ጠፍቶ ሄደ» ነው። ወጥቶ የቀረውም ያው ጠፋ ነው። ግሱ ሞተ አይልም፣ አለም አይልም። ሰው «ጠፋ» እስካለ ድረስ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል ማለት ነው።

ይህ የመጣብኝ በጉዞው ላይ «ኦሮማይ»ን እንደገና እያነበብኩ ስለነበር ነው። በእኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ መጥፋት ሲነሣ መቼም ቀድሞ የሚመጣው ስም አንድ ነው። በዓሉ ግርማ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ከዚያ በፊት «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባርሯል። ይህን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ብርቅ ነው። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳን ቮልስዋገኗን ያውቃታል። ቅር የሚለኝም እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ከ40 ዓመት በላይ ልብ ወለዱን የምናነበው እንደ ፖሊስ መዝገብ ነው። የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው? የትኛው ገጽ ነው ያስገደለው? ማን አዘዘ፣ ማን ወሰደው? በ2017 የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሲወጣም «የጠፋው ደራሲ» የሚለው ታሪክ አብሮት ተሻገረ። አልፈርድም፤ መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ደግሞም ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ መቃብር የለውም። ግን የደራሲው መጥፋት መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ጠፊዎች ሸፈናቸው።

እስቲ እንደ አዲስ ክፈቱት። ዘመቻው ቀይ ኮከብ ነው፣ ዘመኑ 1974፣ ከተማው አስመራ። ተራኪው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይዞ ይሄዳል። ስብሰባው፣ መግለጫው፣ ግብዣው፣ ሐሜቱ፣ ሁሉም በፍጥነት ይነጉዳል። በዓሉ እዚህ ላይ ወደር የለውም። ባለሥልጣን እንዴት እንደሚያወራ፣ ወሬ ከአፍ ወጥቶ እንዴት መመሪያ እንደሚሆን ከእሱ በላይ የጻፈ አላነበብኩም። (የፊያሜታ ነገር ግን አሁን ሳነበው ያደክመኛል። ከተማዋን በሙሉ አንዲት ቆንጆ ሴት ላይ ማሸከም የዘመኑ ልማድ ነበር መሰለኝ።) አስመራ ላይ የሚጠጣው፣ የሚፎክረው፣ የሚያፈቅረው ሰው ሁሉ ስምና ጠባይ አለው። ናቅፋ ሲደረስ ግን ሰው በጅምላ ይቀራል። ተራራው አይያዝም፣ ልጆቹ አይመለሱም። ርዕሱ ራሱ ከጣልያንኛ አስመራ የገባ ቃል ነው፤ ነገር አለቀ፣ ከእንግዲህ አይሆንም እንደማለት። በዓሉ ይህን እንዲያይ ወደ ግንባሩ ወስዶናል። የማይወስደን የእናቶቹ ቤት ነው። ተራኪው የመንግሥት ሰው ስለሆነ ዓይኑ ከግንባሩ ወደ ቢሮው ነው የሚመለሰው፣ ወደ ገጠሩ ጎጆ አይደለም። የዚያ ጦርነት ብዙ ቤተሰቦች መርዶ እንኳን በወጉ አልደረሳቸውም፤ ልብ ወለዱም አላረዳቸውም። እኛ አንባቢዎቹም አልጠየቅንም፣ ምክንያቱም የአንዱን ሰው ቮልስዋገን እየፈለግን ነበር።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ልመለስ። «አፋልጉኝ»ን እንደ ጽሑፍ አይቶ የሚተቸው ሰው የለም፤ በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ስለምናየው ይሆናል። ግን ጥብቅ ጽሑፍ ነው። ቅጽል አያበዛም። የጠፋው ሰው ጎበዝ ይሁን ምስጉን አይነግርህም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ እንዳለ ግን ይነግርሃል። ስለ ሹራቡ የሚያወራው በኃላፊ ጊዜ ነው፣ ስለ ሰውየው በአሁን፦ «ያለበትን የሚያውቅ»። አንባቢ ከሌለው ደግሞ ምንም ነው። ልብ ወለድ አንባቢ ባያገኝ እንኳን ልብ ወለድ ነው፤ አፋልጉኝ ግን ሥራው የሚጀምረው አንድ መንገደኛ ቆሞ «ይህን ልጅ የት ነው ያየሁት?» ሲል ነው። ከሁሉ በላይ ጥያቄው ሌላ ነው። «ኦሮማይ»ን ስናነብ የምንጠይቀው «ማን?» ነው። አፋልጉኝ የሚጠይቀው «የት?» ነው።

«የት?» ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፣ አይደለም። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ታፍነው ተወሰዱ፤ አፅማቸው የተገኘው በ1984 ነው፣ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ። የአፄ ኃይለ ሥላሴም አፅም በዚያው ዓመት ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ፣ በ1993 ቅድስት ሥላሴ አረፈ። ለሁለቱም ቤተሰቦች ለቅሶው እንደገና የተጀመረው ቦታው ሲታወቅ ነው።

አሁን አብሮ አደጌ ለምን ዝም እንዳለ ልናገር። ታላቅ ወንድሙ በ2010 ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከሆመቾ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ የሚወጣው ልጅ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል፦ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ሆሳዕና ላይ ከምታዩት ፎቅ ብዙው በዚያ መንገድ የመጣ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን ማውገዝ ቀላል አይደለም፣ እኔም አላወግዝም። ወንድምየው በኢሞ የመጨረሻ ድምፅ የላከው ከታንዛኒያ ነው፦ «ነገ እንሻገራለን»። ደላላው ስልኩን ዘጋ።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ 14ቱ ተረፉ። በጥቅምት 2015 ማላዊ፣ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ ሉሳካ አጠገብ መንገድ ዳር 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ በመካከላቸው ነፍሱ ያልወጣች አንድ ልጅ ነበር። ዜናው ሆመቾ የሚደርሰው በቁጥር ነው። ልጅ መንገድ ላይ ያለው ቤት ሁሉ ቁጥሩ ውስጥ ስም ይፈልጋል። የአብሮ አደጌ እናት 64ቱንም 27ቱንም ሰምተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ «የእኔ የለበትም» ብለዋል።

«ለእሱ ምን ብዬ ልለጥፍ?» አለኝ። «የትኛው በር ላይ? ማን አልፎ ያነበዋል?» መልስ አልነበረኝም። አፋልጉኝ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ይጠይቃል፣ ለእነዚህ ልጆች ቦታው የድምፅ መልእክት ነው። መርዶ ስላልመጣ ድንኳን አይተከልም፣ ዕድሩም አይንቀሳቀስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል ይላል። የቦታ ጉዳይ ስላለባቸው አንድ ዘመድ ይህን ለእናትየው ቢያነሣባቸው፣ «እኔ መቼ ጠፋ አልኩ? አልደወለም ነው ያልኩት» ብለው ተቆጡ። ያ ገርበብ ያለው ግስ ማኅተም ሲያርፍበት በር ይዘጋል፣ እሳቸውም ይህን ከማናችንም ቀድመው አውቀዋል።

እኔ ያነበብኳቸው የስደት ልብ ወለዶች አብዛኞቹ ከሄደው ልጅ ጋር ይሄዳሉ። በረሃው፣ ደላላው፣ ባሕሩ፣ ድርጊት ያለበት እዚያ ስለሆነ ነው። ቤት የቀረችው እናት በመጀመሪያው ምዕራፍ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻው ስልክ ታነሣለች። በመካከሉ ያለው ሰባት ዓመት አይጻፍም። እኔ ማንበብ የምፈልገው እሱን ነው። የአብሮ አደጌ እናት ሁለት ስልክ አላቸው። አንዱ አዲስ ነው፣ ልጆቹ የገዙላቸው። ሌላው ቁልፎቹ ያለቁ አሮጌ ስልክ ነው፤ ማንም አይደውልበትም። በየጊዜው ትንሽ ካርድ ይሞሉበታል፣ ማታ ማታ ቻርጅ ያደርጉታል። ልጃቸው በቃሉ የያዘው ቁጥር ያ ብቻ ነው።