ለወንድ የተበጀ ቁና፤ ሴት እስረኞችን ስለ መመዘን

የካናዳው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮበርት ሄር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ያሳተሙት የሳይኮፓት ባሕርይ መመዘኛ ዛሬ በብዙ አገሮች ወህኒ ቤቶች ይሠራበታል። መመዘኛው 20 አንቀጾች ሲኖሩት፥ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ40 ነጥብ 30ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሳይኮፓት ይባላል። መርማሪው እስረኛውን አነጋግሮ፥ መዝገቡንም አገናዝቦ የሚፈርድ ስለ ሆነ፥ በጥያቄ ወረቀት ብቻ ከሚደረገው ምርመራ የተሻለ መሆኑ አይካድም።

ዳሩ ግን መመዘኛው የተበጀው ወንድ እስረኞችን በመመርመር ነው። ለሥራው መሠረት የሆነው የአሜሪካዊው ሐኪም የሄርቪ ክሌክሊ መጽሐፍም (1941) ታሪካቸውን ከተረከላቸው ሕሙማን የሚበዙት ወንዶች ናቸው። እንግዲህ ይኸው ቁና ለሴቶች ሲቀርብ ምን ይሰፍራል?

በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 528 ሴት እስረኞችን መርምሮ፥ 30 ነጥብ የደረሱት ከመቶ 9 ያህል መሆናቸውን፥ መርማሪዎቹም በነጥብ አሰጣጥ መስማማታቸውን ገልጿል። ሆኖም ሁለት ሰዎች በአንድ ቁና ሰፍረው ቢስማሙ፥ የቁናው ልክ ትክክል መሆኑ በዚህ አይረጋገጥም። ከአንቀጾቹ መካከል ሴሰኝነት፥ በሰው ሀብት ተደግፎ መኖርና ትዳርን ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ይገኛሉ። አንዲት ሴት በድህነት ተገፍታ ገላዋን ብትሸጥ፥ ወይም ከሚደበድባት ባል ብትሸሽ፥ የልብ ድንዳኔን ከችግር የሚለየው የመርማሪው ማስተዋል ብቻ ነው። የ1991ዱን መመዘኛ ያሻሻለው የ2003 እትም የሴቶችንም ውጤት ለማነጻጸሪያ አቅርቧል። ይህ ግን ስንት ሴቶች ምን ያህል እንዳገኙ እንጂ፥ አንቀጹ በሴት ላይ ምን እንደሚመዝን አያስረዳም።

ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ማስረጃ በ1976 ጄን መርፊ ያቀረቡት ነው። በቤሪንግ ባሕር አካባቢ የሚኖሩ የዩፒክ ሰዎች «ኩንላንጌታ» የሚሉት ሰው ደጋግሞ ይዋሻል፥ ያታልላል፥ ይሰርቃል፤ ወንዶች ለአደን ሲወጡም ወደ ኋላ ቀርቶ ከሴቶቻቸው ጋር ይማግጣል። ይህን ምስክርነት ብዙዎች ባሕርዩ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ለመሆኑ ይጠቅሱታል። አባባላቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው የወንድ ጥፋት ሥዕል መሆኑን ልብ ሊሉት ይገባል። የአንዲት ሴት ተንኮል በዚያ መንደር በምን እንደሚታወቅ ሥዕሉ አይነግረንም።

ነጥቡ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ ሴቲቱ ለመፈታት በምትጠይቅበት ቀን ይመሰክርባታል። ስለዚህ መርማሪ ድምሩን ብቻ ከማቅረብ ይልቅ፥ እያንዳንዱ ነጥብ ከምን ኑሮ እንደ ተወሰደ በጽሑፍ ሊያስረዳ ይገባዋል።