ተዘጋጅቶ የቆየ መልስ፦ ስለ ዎቦት

ዎቦት እ.ኤ.አ. በ2017 ለተጠቃሚዎች የቀረበ የስልክ መተግበሪያ ነበር። ያቋቋመችው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዶ/ር አሊሰን ዳርሲ ናት። ወጣቱ የተሰማውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ፣ ሮቦቱ እየጠየቀና እየቀለደ ይመልስለት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025 ተዘግቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣት ሌሊት ሌሊት የልቡን ለስልኩ በሚያወራበት በዚህ ዘመን ሥራውን መመርመር ይጠቅማል። መልሶቹን አስቀድመው የጻፉት ሰዎች ስለሆኑ እንደማንኛውም ጽሑፍ ሊተች ይችላል።

በመጀመሪያ ጥንካሬው። ዎቦት ሮቦት መሆኑን አይደብቅም ነበር፤ ንግግሩ አጭር ነበር፤ አይሰብክም ነበር። የተከተለው የሕክምና ዘዴ ሐሳብን ከእውነታ ለይቶ ማየትን ያስተምራል። «ፈተና ወደቅሁ፤ እኔ ከንቱ ነኝ» የሚል ወጣት ሁለት ነገር ተናግሯል። የመጀመሪያው የሆነ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግን በራሱ ላይ የሰጠው ፍርድ ነው። ይህን መለየት ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 28 የሆኑ 70 ወጣቶች ተሳትፈው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዎቦትን የተጠቀሙት የድብርት ምልክታቸው የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ይበልጥ ቀንሷል። እርግጥ ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው፤ ዳርሲም ከአጥኚዎቹ አንዷ ነበረች።

ድክመቱ የታየው በ2018 ነው። የቢቢሲ ጋዜጠኞች በ12 ዓመት ልጅ ስም፣ ተገድዳ የወሲብ ጥቃት እየደረሰባት እንደሆነ ጻፉለት። ሮቦቱ አደጋውን አላስተዋለም፤ ይልቁንም ከሰው ጋር ለመቀራረብ ያላትን ፍላጎት አደነቀ። ቃሉ ለስላሳ ነበር፤ የጎደለው መስማት ነው።

ቋንቋውም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። እኛ ደበረኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። ታክሲ የዘገየበትም፣ መኖር የሰለቸውም «ደበረኝ» ይላል። ልዩነቱን የሚያውቀው የተናጋሪውን ድምፅና ፊት የሚያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ ወጣቱ ከሰው ይልቅ ስልክን ለምን መረጠ? «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም መሳለቂያ ሲሆን እየሰማ ያደገ ልጅ፣ መታመሙን ለማን ይንገር? ደፍሮ ቢነግረንስ? እኛም እንደ ዎቦት ተዘጋጅቶ የቆየ መልስ አለን፦ «በርታ፣ ጸልይ፣ ያልፋል።» መጸለይ መልካም ነው፤ ሳይሰሙ መመለስ ግን ጸሎት አይደለም። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ነቢዩም በልቶ ዳግመኛ ተኛ። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ስሜታችሁን በስሙ ለመጥራት ቢረዳችሁ ተጠቀሙበት። ድብርቱ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሞት ሞት ካላችሁ ደግሞ ለነገ አታሳድሩት፤ በዚያው ሰዓት ለሰው ንገሩ። እኛ የምናስተምር ደግሞ ወጣት «ደበረኝ» ባለን ጊዜ ከመልሳችን በፊት «ከመቼ ጀምሮ?» ብለን እንጠይቀው።