ዘፈን መራጩ ምን ይተዋል? የጥንት ካንትሪ ሸክላዎችና አጋሪዎቻቸው

ዓይነ ስውሩ አልፍሬድ ሪድ በዲሴምበር 1929 ኒው ዮርክ ውስጥ ለቪክተር ኩባንያ አንድ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድሃ ሰው እንዲህ ያለውን ዘመን እንዴት ችሎ ይኖራል? የዘፈኑ ርእስ ይህ ጥያቄ ነው። የዎል ስትሪት ገበያ ከወደቀ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ሪድ የዌስት ቨርጂኒያ ቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን በጊታር የሚያጅበው ልጁ አርቪል ነው። በእኛ ዘንድ ካንትሪ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉን ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን ናቸው። ሪድን ግን በገዛ አገሩም ቢሆን የሚያውቀው በአብዛኛው የድሮ ሸክላ የሚያሳድድ ሰው ነው።

ዘፈኑን ደጋግሞ ያደመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው እርጋታውን ነው። ሪድ አይጮኽም፣ አያለቃቅስም። የሸቀጥ ዋጋ መናሩን፣ ከነፍስ ይልቅ ገንዘብ የሚያዩ ሰባኪዎችን፣ ሐኪሞችን ሳይቀር አንድ በአንድ እያነሣ ይከስሳል። ከክሱ በኋላ ሁልጊዜ ወደዚያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ጥያቄው ግን እስከ መጨረሻው መልስ አያገኝም። ሪድ ራሱ የሜቶዲስት ሰባኪ እንደነበር ስናውቅ ደግሞ ስለ ሰባኪዎች የሚለው ሌላ ክብደት ያገኛል፤ የቤቱን ገመና ያወጣው የቤቱ ሰው ነውና። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን ስለ ድህነት ከተቀረጹት የካንትሪ ዘፈኖች ይህን የሚስተካከል የለም።

ያም ሆኖ ዘፈኑ የወጣው ሸክላ የሚገዛ ሰው በጠፋበት ሰዓት ነው። በ1927 አሜሪካ ውስጥ ወደ 104 ሚሊዮን ሸክላ ተሸጦ ነበር፤ በ1932 ቁጥሩ ወደ 6 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። የሪድ የቀረጻ ዘመንም በዚያው በ1929 አበቃ። ዘፈኑን ከዓመታት በኋላ ለአዲስ ትውልድ ያስተዋወቀው ጊታር ተጫዋቹ ራይ ኩደር ነው፤ በ1970 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ አካተተው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን ደግሞ በ2006፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካወደመ በኋላ፣ አዳዲስ ስንኞች ጨምሮ ተጫወተው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ጥሩ ዘፈን ጠፍቶ ተገኘ።

ነገር ግን ይኸው ሪድ በ1927 ሌላ ዘፈን አስቀርጾ ነበር። ጠጉራቸውን ያሳጠሩ ሴቶችን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም የሚገሥጽ ዘፈን ነው። በ1929 ቁጥር ሁለት ተብሎ ተከታይ ተሠራለት። ኩባንያ ተከታይ የሚያስቀርጸው ገዢ ላገኘ ዘፈን ነው፤ ስለዚህ የዘመኑ አድማጭ ሪድን ይወድ የነበረው ቢያንስ በከፊል በዚህ ግሣጼው ነው ማለት እንችላለን። ዛሬ የሪድን ሥራ የሚያጋራ ሰው ግን የድሃውን ዘፈን ያነሣና የጠጉሩን ይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ከእኛ አስተሳሰብ ጋር ይስማማል፣ ሁለተኛው አይስማማም። እንዲህ ሲሆን አድማጩ የሚረከበው የተመረጠለትን ግማሽ ሪድ ብቻ ነው። የዋጋ ንረቱን የሚያወግዘውና የሴት ልጅን ጠጉር የሚቆጣጠረው ሰው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የሥነ ምግባር ምንጭ የተቀዱ ናቸው። የአፓላቺያን ተራሮች የሃይማኖት ባህል ድሃን ከመበዝበዝና ከአለባበስ ልቅነት የትኛው የባሰ ኃጢአት እንደሆነ እኛ ባሰብነው መንገድ አይለይም ነበር። ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ ያላደመጠ ሰው ይህን አያገኘውም።

መምረጥ በራሱ ሂስ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። የቆየ ዘፈን የሚያጋራ ሰው ያለፈውን ዘመን በራሱ ጣዕም እንደገና ያዋቅረዋል። ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ሃሪ ስሚዝ ነው። ስሚዝ ከግል ስብስቡ 84 ቅጂዎችን መርጦ በ1952 በፎክዌይስ ኩባንያ በኩል አሳተመ፤ የ1960ዎቹ የፎክ እንቅስቃሴም ከዚህ ስብስብ ብዙ ቀዳ። በማብራሪያው የዘፋኞቹን ዘር አለመግለጹ ለዚያ ዘመን ድፍረት ነበር። ሸክላ ሻጮቹ የነጩንና የጥቁሩን ሙዚቃ በተለያየ መዝገብ አስፍረው ሲሸጡ እሱ አጥራቸውን አፈረሰ። ጣዕሙ ግን ወደ እንግዳው፣ ወደ ብቸኛውና ወደ አስፈሪው ያደላል። ስለዚህ ብዙ አድማጭ የጥንት ካንትሪን እንደ ጨለማ ምሥጢር መቁጠር ለመደ፤ የተራራው ሰው አብልጦ ይገዛቸው የነበሩት የእናት ናፍቆት ዘፈኖችና መዝሙሮች ወደ ኋላ ቀሩ።

ከዘፈን ሌላ ስምም ይተዋል። እዚህ ላይ የሌስሊ ሪድልን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ራልፍ ፒር በ1927 ክረምት በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው በብሪስቶል ከተማ ኋላ የካንትሪ ታላላቆች የሆኑትን የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን የቀረጸ ሰው ነው። የፒር ትርፍ በዋናነት የሚመጣው ከድርሰት መብት ስለነበር መብቱ በሌላ ሰው ያልተያዘ ዘፈን የሚያመጣ ዘፋኝ ይፈልግ ነበር። ከቤተሰቡ አንዱ የሆነውን ኤ ፒ ካርተርን ዘፈን ፍለጋ መንደር ለመንደር ያዞረው ይህ ፍላጎት ነው። በጉዞው አብሮት ይሄድ የነበረው ሪድል ጥቁር ጊታር ተጫዋች ሲሆን በሲሚንቶ ፋብሪካ አደጋ አንድ እግሩን፣ በጠመንጃ አደጋ ደግሞ ሁለት ጣቶቹን ያጣ ሰው ነበር። የሥራ ክፍፍላቸው ልብ ይባል፤ ካርተር ግጥሙን በወረቀት ይጽፋል፣ ሪድል ዜማውን በጭንቅላቱ ይይዛል። ነጭና ጥቁር በአንድ ማዕድ መቀመጥ በማይችሉበት ደቡብ፣ ለካርተር የጥቁሮችን ቤት ደጅ የከፈተለትም ሪድል ነው። የቤተሰቡ ጊታር ተጫዋች ሜይቤል ካርተርም ከሪድል የጊታር አጨዋወት ተምራለች።

ሸክላው ላይ ግን የሪድል ስም የለም። በ1930 የተቀረጸው ስለ ካነንቦል ባቡር የሚያወራ ዘፈን ከእሱ የተገኘ ቢሆንም ለገበያ የወጣው በካርተር ስም ነው። የፎክ ሙዚቀኛው ማይክ ሲገር በ1965 ሮቼስተር ውስጥ አግኝቶ ባይቀርጸው ኖሮ የገዛ ድምፁ እንኳ ባልደረሰን ነበር፤ ቅጂዎቹ በአልበም የወጡት ሪድል ካረፈ በኋላ በ1993 ነው። ይህን የካርተር ዘፈን ዛሬ ያለ ሪድል ስም የሚያጋራ ሰው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ነገር ግን የፒርን መዝገብ እንዳለ እያባዛ ነው። የእነ ካርተርን ታላቅነት ማንም አይክድም፣ እኔም አልክድም። ሪድልን መጥቀስ ከዚያ ታላቅነት ምንም አይቀንስም።

የቅጂ መብት ሕጉ አሁን ለአጋሪዎች መንገድ እየከፈተ ነው። በ2018 የወጣው የአሜሪካ የሙዚቃ ሕግ ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎችን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በየጃንዋሪው የአንድ ዓመት ምርት ይጨመራል። በ1927 ለገበያ የበቁት የብሪስቶል ሸክላዎች በ2028 ተራቸው ይደርሳል፤ ሪድ በዚያ ዓመት ስለደረሰው የቨርጂኒያን የባቡር አደጋ የዘፈነውም ከእነሱ አንዱ ነው።

መረሳት የሸክላ ዘመን ችግር ብቻ አለመሆኑን ሊንዳ ማርቴል ታሳያለች። በ1969 በታዋቂው የካንትሪ ትርዒት በግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ በብቸኝነት የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፤ በቀጣዩ ዓመት አልበም አወጣች፤ ከዚያም የካንትሪ ገበያ በሩን ዘጋባት። ቢዮንሴ በ2024 አልበሟ ላይ የማርቴልን ድምፅ ስታሰማ ብዙ ሰው ማርቴልን ፈለጋት። አብዛኛው የሚያጋራላት ግን ከዊንስተንስ ቡድን ወስዳ የተጫወተችውንና በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 22ኛ የደረሰውን ዘፈን ነው። በማርቴል በራሷ አልበም ውስጥ በደንብ መሰማት ያለበት ግን ስለ ብሉዝ ሕመም የምታዜምበትና ዮድል (ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን እያፈራረቁ ማዜም) የምታሰማበት ዘፈን ነው። ዮድሉ በካንትሪ ዘንድ የጂሚ ሮጀርስ መለያ ተደርጎ ይታወቃል፤ ሮጀርስ ራሱ ግን ዮድሉን ያዋሐደው ከጥቁሮች ከተማረው ብሉዝ ጋር ነው። ማርቴል ያን ድምፅ ስታወጣ ሁለቱን ውርሶች በአንድ ትንፋሽ ይዛለች፤ ስለ እሷ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የማስደምጠው ይህን ነው።