ገድለ ቂርቆስና የቃል ኪዳን ትምህርት

የቅዱሳን ገድል ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ለገድለ ቂርቆስ መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በታናሽ እስያ ሰማዕትነት እንደ ተቀበሉ ይነገራል፤ ታሪካቸውም በግሪክና በላቲን ተጽፎ ይገኛል። በጳጳሱ በገላስዮስ ስም የሚጠራው የ6ኛው መቶ ዓመት የመጻሕፍት ዝርዝር ግን ይህን ታሪክ ተቀባይነት ከሌላቸው ጋራ ቈጥሮታል።

ይሁን እንጂ ምንጩን ማወቅ ትምህርቱን ማወቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ለገድሉ ክብደት የሰጠው ቃል ኪዳኑ ነው፤ ይኸውም በቅዱሱ ስም ለሚማጸን፥ ዝክሩን ለሚዘክርና ለድኃ ለሚመጸውት የተሰጠ የምሕረት ተስፋ ነው። ትችቱም የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው፦ ስም መጥራት ካዳነ የምግባር ዋጋ ምንድን ነው?

ክርክሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በህንድ ባክቲ በሚባለው ለአምላክ በፍቅር የመገዛት ትምህርት ውስጥ የራማኑጃ ተከታዮች ከእርሱ በኋላ በሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ነፍስን እናቷ በአፏ አንጠልጥላ በምትወስዳት የድመት ግልገል፥ ሁለተኛው እናቷን አጥብቃ በምትይዝ የጦጣ ግልገል መስሏታል። ለመጀመሪያው ጸጋ ብቻውን ይበቃል፤ ለሁለተኛው የሰውም ጥረት ያስፈልጋል።

ገድለ ቂርቆስ ከሁለቱም ይለያል። በፈላው ጋን ፊት የፈራችው እናት፥ ጸልዮ ያጸናት ግን ልጅ ነው። ኢየሉጣ ፍርሃቷ ሲርቅላት ወዳ ገባች እንጂ ተገድዳ አልገባችም፤ ስንክሳር ሐምሌ 19 ቀን የሚያስበው የቅዱስ ገብርኤል ተራዳኢነትም ውኃውን አበረደው። እንግዲህ አማላጅነት የሰውን ፈቃድ ያነቃዋል እንጂ አይተካውም።

ይህ ትምህርት በኑሮ ይፈተናል። የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከቅዱሱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በውስጡ ያለው ካዛንቺስ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ቃል ኪዳን ስም መጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተነሣ የሚጎድልበት ባልነበረ፤ ስም በየትም ይጠራልና። ዝክርና ጽዋ ግን የሚያቀርብና የሚቀበል ጎረቤት ይሻሉ። ስለዚህ የቃል ኪዳን ትምህርት ተመራማሪ ከብራናው ጋራ ማኅበሩንም ሊያነብ ይገባዋል።