ያልተጻፈው ምዕራፍ፦ ኤብላ ከሙሽርነት እስከ እናትነት

ከሽንሌ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ ማለዳ ላይ የሴቶች መንገድ ነው። ወተት የያዙ እናቶች ጎህ ሲቀድ ተነስተው ገበያ ይወርዳሉ፤ ወተቱን ሸጠው ስኳር፣ ሩዝና ዱቄት ሸምተው ይመለሳሉ። የእነዚህን ሴቶች ዕድሜ በዓመት መቁጠር ብዙ አያስኬድም። ሶማሊኛ የሴትን ዕድሜ የሚሰፍርበት ሌላ ቁና አለውና። ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ያላገባችው «ጋሻንቲ» ናት፤ አግብታ የፈታችው «ጋሮብ» ትባላለች። ወንዱ ሲበስል «ኦዳይ» ይሆናል፤ ሽማግሌ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚናገርና የሚደመጥ። ለአሮጊቷም «ኢስላን» የሚል የአክብሮት ስም አልጠፋም፤ ግን ያ ስም ከዛፉ ሥር መቀመጫ አያሰጣትም። እሷ በባል ትሰፈራለች፣ እሱ በቃሉ።

ይህን ያነሳሁት የሶማሌ ሴት በልቦለድ ውስጥ እንዴት ታድጋለች ሲባል ቀድሞ የሚጠራው መጽሐፍ የኑረዲን ፋራህ «ከጠማማ የጎን አጥንት» ስለሆነ ነው። በዚህ ቁና ላይ ያመፀ መጽሐፍ ነው ይባላል። በእርግጥ አምፆአል። እስከ መጨረሻው ሄዷል በሚለው ላይ ግን ከአድናቂዎቹ ጋር አልስማማም።

ኑረዲን እ.ኤ.አ. በ1945 በባይደዋ ይወለድ እንጂ ልጅነቱን ያሳለፈው በእኛው አገር፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር በምትገኘው በቀላፎ ነው። ቀላፎ ከሽንሌ እጅግ የራቀች፣ በሶማሌ ክልል ደቡብ ያለች ከተማ ናት። ደራሲው እዚያ በተማሪነቱ ከእንግሊዝኛና ከዓረብኛ ጋር አማርኛም ተምሯል። እናቱ በቃል ግጥም የታወቁ ነበሩ። ይህን የመጀመሪያ ልቦለዱን የጻፈው በህንድ አገር ተማሪ ሳለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለኅትመት ሲበቃ ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር። አንድ ወጣት ወንድ የአንዲትን የአርብቶ አደር ልጅ ልብ ከውስጥ ሆኖ ለማየት መሞከሩ ብቻውን ድፍረት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ወላጅ አልባዋ ኤብላ በአያቷ እጅ ያደገች ኮረዳ ናት። አያትዬው በግመል ለውጠው ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ በሌሊት ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። ከተማ ገብታ የአጎቷ ልጅ ቤት ብትጠጋ፣ እሱም ኮንትሮባንድ ነጋዴ ነበርና እንደ ሌላው ዕቃ ለደላላ ሊያሻግራት ይዋዋላል። ደግማ ትጠፋለች፤ አዊል ከሚባል ወጣት ጋር ሞቃዲሾ ገብታ ታገባዋለች። አዊል ለትምህርት ጣልያን ሲሄድና ከነጭ ሴት ጋር የተነሳው ፎቶግራፍ እጇ ሲገባ፣ ኤብላ በምስጢር ሌላ ሀብታም ባል ታገባለች። ወንድ ሚስት የሚደርብ ከሆነ እኔስ ባል ብደርብ ምን አለበት ማለቷ ነው። በመጨረሻ አዊል ይመለሳል፤ እሷም ትቀበለዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ይዘጋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ኤብላን ጻድቅ አለማድረጉ ነው። ትዋሻለች፣ ታመነታለች፣ ትሳሳታለች። ስትጠፋ የታመሙ አያቷን ጥላ መሄዷ ያንገበግባታል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ላደገብን አንባቢዎች፣ አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ የራሷን ዋጋ ከግመል ዋጋ ጋር ስታስተያይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ኤብላ ሦስት ጊዜ ስታመልጥ ሦስቱንም ጊዜ የምታርፈው ወንድ ቤት ነው። ሽሽቷ ከባል ወደ ባል ነው፤ የዕድሜዋ ቁና አልተለወጠም፣ ሰፋሪው እንጂ። አንድ ሰው አደገ የሚባለው ሲያመልጥ ብቻ አይመስለኝም። ካመለጠ በኋላ ምን ሠርቶ አደረ? ከማን ጋር ተጣልቶ ታረቀ? ምን ተምሮ ምን ረሳ? መጽሐፉ ይህን ሳይነግረን በሩን ይዘጋል።

ደራሲው ራሱ ይህ ሳይሰማው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ሰርዲን» በተሰኘው ልቦለዱ ኤብላን መልሶ ያመጣታል። አሁን የጎለመሰች እናት ናት፤ ሰጋል የምትባል ዋናተኛ ልጅ አላት። ያቺ የምትደናበር ኮረዳ ልጇን በነጻነት የምታሳድግ፣ ለሰው ምክር የማይጠፋባት ሴት ሆናለች። ደስ ይላል። ነገር ግን መቼ ሆነች? እንዴት ሆነች? በሙሽራዋ ኤብላና በእናትየዋ ኤብላ መካከል ያለው ዘመን፣ ማለትም ጉልምስናዋ፣ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ባዶው ቦታ ይበልጥ የሚቆጨው በዚያው በ«ሰርዲን» ውስጥ ኢዲል የምትባል አማት ስላለች ነው። ኢዲል የልጅ ልጇ ካልተገረዘች ብላ ምራቷን መዲናን ታስጨንቃለች፤ ልጇ ሳማተር በእናቱና በሚስቱ መካከል ይዋልላል። እንግዲህ ኤብላና ኢዲል ያለፉት በአንድ ዓይነት መከራ ነው። አንዷ መከራው በልጇ ላይ እንዳይደገም ትተጋለች፤ ሌላዋ ካልተደገመ ትላለች። ሰውን ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚወስደው ምንድን ነው? ይህ የደራሲ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሶማሌ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 99 በመቶ ያህሉ የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ድርጊቱን በወንጀልነት የደነገገው የወንጀል ሕግ ከወጣ ያን ጊዜ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። ቢላዋው የሚያልፈው ከሴት ወደ ሴት እጅ ነው። ስለዚህ የአሮጊቷን ልብ የሚያስረዳን ልቦለድ ያስፈልገናል። ኑረዲን ኢዲልን እንድንጠላት አድርጎ ሣላት፤ እንድናውቃት አላደረገም።

አሁን ወደ ሽንሌ ልመለስ። የኢሳ ማኅበረሰብ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሕግ አለው፤ «ሄር ኢሳ» ይባላል። በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ሊያኮራን የሚገባ ነው። ይሁንና በዚያ ሸንጎ የሚሟገተው ወንድ ነው። በሌላ በኩል የአርብቶ አደሩን ቤት፣ «አቀል»ን፣ የምትሠራው፣ የምታፈርሰውና በግመል የምትጭነው ሴቷ ናት። ቤቱ የእሷ ነው፤ ሸንጎው የእሱ።

ይህን አሮጌ ክፍፍል ያናጋው መጽሐፍ አይደለም፤ ድርቅና ገበያ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሽንሌ ያለችበት ሲቲ ዞን ነበር። ከብት ሲያልቅ የወንዱ ሥራና ኩራት አብሮ ያልቃል፤ ሴቷ ግን የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ጥዳ፣ ልባሽ ጨርቅ ዘርግታ ትቀጥላለች። በአሮጌው ባቡር ዘመን ከጅቡቲ ዕቃ ይዘው የሚመላለሱት ሴቶች ሲነጋገርባቸው የኖረ ነው። አዲሱ ባቡር እንደ አሮጌው በየመንደሩ ስለማይቆም ሌላ መንገድ ፈለጉ። ባል የቤቱን ወጪ ከሚስቱ እጅ ሲቀበል ምን ይሰማዋል? በአርባ ዓመቱ እንደገና ሰው መሆንን መማር ይችላልን? እሷስ ገንዘቡን ስትይዝ ቃሉንም ትይዛለች ወይስ ሸክሙ ብቻ ይጨመርባታል? ያልተጻፈው ምዕራፍ ይህ ነው።

ችግሩ የሶማሌ ሥነ ጽሑፍ ብቻ እንዳይመስለን። በ1958 ዓ.ም. ከወጣው ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን ሁላችንም እንወዳታለን፤ የምንወዳት ግን ሳትጎለምስ ነው። ልቦለዳችን ለሴት ሁለት ዕድሜ ብቻ ሰጥቷታል፦ የምትፈቀርበትና የምትታዘንበት። መካከሉን፣ የሠላሳና የአርባ ዓመቱን ድካምና ብስለት፣ ለወንዱ ጀግና ትቶለታል።

የሶማሌ ሴቶች «ቡራንቡር» የሚሉት የራሳቸው የግጥም ዓይነት አላቸው፤ በሠርግም በሌላም ስብስብ ይገጥሙታል። ሸንጎው ባይሰማቸው እርስ በርስ ተሰምተዋል ማለት ነው። ኑረዲን ኤብላን ከአያቷ ድንኳን አውጥቶ እስከ ከተማ አደረሳት፤ ይህ ውለታው አይረሳም። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ምናልባት የምትጽፍልን፣ እናቷ ወተት ሸጣ ያስተማረቻት አንዲት የሽንሌ ልጅ ትሆናለች። ያን መጽሐፍ ስናገኝ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ማንን አገባች?» እንዳይሆን ከወዲሁ ራሳችንን እናዘጋጅ።