ለየትኛው ቤት የተጻፈ ምክር? የኪንታሮት ቀዶ ሕክምና የመውጫ ምክር ሲመዘን

የኪንታሮት ቀዶ ሕክምና ራሱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። ክፍት የሚተወው ቁስል እስኪድን ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ከሕክምናው ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው ታካሚው በቤቱ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ይህን ሰፊ ድርሻ የሚመራው ደግሞ ታካሚው ከክፍል በሚወጣበት ዕለት በችኮላ የሚነገረው፣ ሲጻፍም ከጥቂት መስመሮች የማያልፈው የመውጫ ምክር ነው። የቀዶ ሕክምናው ስልት በየመድረኩ ሲመረመር ይህ ምክር ግን ሳይመረመር ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ምክሩ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ አሰር የበዛበት ምግብ መመገብ፣ ፈሳሽ በብዛት መጠጣት፣ አለማማጥ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ፣ በቀጠሮ ቀን መመለስ። ከእነዚህ መካከል ስሕተት የሆነ አንድም የለም። ጉድለቱ ያለው ምክሩ በሚታሰብለት ቤት ላይ ነው። ዛሬም በስፋት የሚሠራበትን ክፍት የቀዶ ሕክምና ስልት ሚሊጋንና ሞርጋን በለንደኑ የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል አዳብረው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። አብሮት የሚነገረው የመዘፍዘፍ ሕክምና ‹ሲትዝ ባዝ› የሚለውን ስሙን ያገኘው መቀመጥን ከሚያመለክት የጀርመንኛ ቃል ሲሆን፣ በአሳቡ ውስጥ የመታጠቢያ ክፍል፣ የቧንቧ ውኃና በቅርብ የሚገኝ መድኃኒት ቤት አሉ። ስልቱ ወደ አገራችን ሲገባ ቤቱም አብሮ የመጣ ያህል ተቆጠረ።

ይህን ምክር ወደ ኮሶዬ ወስዶ መመዘን ይቻላል። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስሟን ከኮሶ ዛፍ ጋር የምትጋራ ብርዳማ ደጋ ናት። በዚህ ደጋ በብዙው የገበሬ ቤት ውኃ በጀሪካን ተቀድቶ ይመጣል፤ የሚሞቀውም በእንጨትና በኩበት ነው። አንድ ሳፋ 7 ሊትር ውኃ ቢፈልግ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መዘፍዘፍ 21 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ጀሪካን ከነማገዶው ይጠይቃል። ታካሚዋ የቤቱ እመቤት ከሆነች ደግሞ ውኃ ቀጂዋ ራሷ ናት። ምክሩን ለመፈጸም ጀሪካን አዝላ ዳገት መውጣቷ ከምክሩ የምታገኘውን ጥቅም ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ባለሙያው ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ለብ ባለ ውኃ መቀመጥ ሕመምን የሚያስታግስ ምቾት ነው፤ ቁስሉን በፍጥነት እንደሚያድን ግን በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ከሰገራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ቀስ ብሎ መታጠብና በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ለዚህም አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል። ወረቀቱ ሁለቱን በእኩል ድምፅ ሲያዝዝ፣ መዘፍዘፍ ያቃተው ታካሚ ምክሩን በሙሉ እንዳፈረሰ ቆጥሮ መታጠቡንም ሊተው ይችላል። የግድ የሆነውንና ቢገኝ የሚመረጠውን በቅደም ተከተል የማያስቀምጥ ምክር ለድኻው ታካሚ ሸክም ይሆናል።

ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ‹አትክልትና ፍራፍሬ› ብሎ ያልፋል። የወገራ ደጋ ግን የገብስና የባቄላ አገር ነው። የገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ለአንጀት የሚያስፈልገውን አሰር ይሰጣሉ። እንቅፋቱ የሚመጣው ከፍቅር ነው። ቤተሰብ ለታመመ ሰው ክብሩን የሚገልጸው ሻካራውን ምግብ አንሥቶ ፉርኖ ዳቦ፣ እንቁላልና ሥጋ በማቅረብ ነው። በዚህም ታካሚው በጤናው ጊዜ ይመገበው የነበረውን አሰር በሚያስፈልገው ሰዓት ይነፈጋል። ስለዚህ ምክሩ ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ምግቡን ለምታዘጋጀው እጅ መነገር አለበት። ተልባ ሲታዘዝም ከበቂ ውኃ ጋር እንዲጠጣ ካልተነገረ ጥቅሙ ይጎድላል። በጾም ወራት የጾሙ ምግብ ራሱ ተስማሚ ነው፤ የሚያሰጋው እስከ ቀትር በኋላ ያለ ውኃ መቆየት ነው። ይህን ከንስሐ አባት ጋር እንዲነጋገሩበት መምከር ከሐኪም ሥራ ውጪ አይደለም።

ወረቀቱ ጨርሶ የማያነሣው ደግሞ ፍርሃትን ነው። ታካሚው የመጀመሪያውን ሰገራ ይፈራል፤ ስለ ፈራም ምግብ ይቀንሳል፣ ይይዘዋል፣ ሰገራውም ይደርቃል፤ የፈራው ሥቃይም ይደርስበታል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ጨለማ እስኪሆን መጠበቅ ችግሩን ያብሰዋል። ትራማዶል ብቻ የታዘዘለት ሰው ድርቀቱ ይጨምርበታል። ፓራሲታሞልና፣ የሚከለክለው ነገር ከሌለ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በሰዓታቸው እንዲወሰዱ፣ ሰገራን የማለስለሱ ሥራም ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ እንዲጀመር ማድረግ ይህን ዑደት ይሰብራል። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት በራሱ ጉዳት የለውም፤ ረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ነው ጎጂው።

ከፍርሃት ጋር ኀፍረት አለ። በአማርኛ ‹ኪንታሮት› የሚለው ቃል በእጅና በፊት ቆዳ ላይ ለሚወጣውም ለዚህኛውም ያገለግላል። በተከታዮቹ ሳምንታት በቁስሉ ዳር የሚቀረው የቆዳ እብጠት ታካሚውን ‹ተመልሶ በቀለ› ያሰኘዋል። ያፈረ ሰው ሐኪም ዘንድ አይመለስም፤ የሚሄደው የሚያቃጥል መድኃኒት ወደሚቀባለት ሰው ነው፤ ከዚያም የፊንጢጣ መጥበብ ሊከተል ይችላል። በመውጫ ዕለት ‹ጥቂት እብጠት ይቀራል፤ በጊዜው ይጎድላል› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ሊያስቀር በቻለ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ጊዜን አለማመልከት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሠተው ዘግይቶ የሚመጣ መድማት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ታካሚው ተሻለኝ ብሎ ወደ እርሻው በሚመለስበት ሰሞን መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ የሚጠባ ጥቂት ደም የሚጠበቅ ነው፤ ጨርቅ የሚያርስ፣ የረጋ ደም የተቀላቀለበት ወይም ማዞርን ያስከተለ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። ሽንት መከልከል፣ ትኩሳትና እየባሰ የሚሄድ ሕመምም እንዲሁ። ‹ደም ካየህ ተመለስ› የሚል ጥቅል ትእዛዝ አንዱን በከንቱ ያመላልሳል፤ ሌላውን ‹ያው የተባለው ነው› አሰኝቶ ቤቱ ያስቀረዋል። ከአስፋልቱ ርቆ ለሚኖር ሰው መንገዱ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተከሠተው ግጭት እንደታየውም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ ማን ይሸከመዋል፣ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ አለበት። መልስ ያልተገኘለት ታካሚ ሁለት ሳምንት በከተማ ዘመድ ዘንድ ቢሰነብት ይመረጣል።

ይህ ሁሉ አዲስ ተቋም አይጠይቅም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ የመላክን አሠራር ተክሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም የታካሚውን ደጃፍ የምታውቅ ሠራተኛ በየቀበሌው አስቀምጧል። የጎደለው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ እርሷ የሚደርስ አጭር ደብዳቤ ነው፦ የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ በጥንቃቄ የሚጠበቁት ቀናት፣ የሚደወልበት ስልክ። እርሷም በ3ኛውና በ10ኛው ቀን ብትጎበኘው፣ የመጀመሪያው ጉብኝት ለፍርሃቱ፣ ሁለተኛው ለደሙ ይደርሳል።

የመውጫ ምክር ከመጻፉ በፊት ሐኪሙ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ምክሩ ቤት ያገኛል፦ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ምግብ የምታበስለው ማን ናት? ሌሊት ብትደማ የምትቀሰቅሰው ማንን ነው?